በሦስት ጣት

“መጀመሪያ ይብላ። ምግብ ሳይቀምስ እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም።”

ዘነበ ይህን የሰማው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አንድ እግሩ ላይ ካልሲ አጥልቆ ሌላኛውን ካልሲ አልጋ ሥር ሲፈልግ። ተናጋሪዋ የወንድሙ ሚስት የሺሃረግ ናት። የእሱን ሰርቪስ ክፍል ከእነሱ ጓዳ የሚለየው አንድ ስስ ቺፑድ ብቻ ስለሆነ በዚያ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ግን ዘነበ ጆሮ እንዳለው አብሯቸው በኖረበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ያላቸው አይመስልም። “የዛሬው ከተሳካለት ደሞዝተኛ ነው፣ እንደ ሰው ቤት ይከራያል” አለች የሺሃረግ፣ መጥበሻ እያንኳኳች። “ካልተሳካለት ግን፣ አንተ ትሙት፣ ቡሌ ይሂድ! እንሰቱን የሚያየው የለ፣ አክስታችሁ ብቻዋን ናት። ክፍሉን ለዩኒቨርሲቲ ልጆች እናከራየዋለን። አርባ ስድስት ዓመቱ እኮ ነው ከፈለኝ፣ እስከ መቼ ነው የምንጦረው?” “እሺ” አለ ከፈለኝ። ዘነበ ካልሲውን አገኘው፤ ተረከዙ ጋ ተቀዷል፤ እንዲሁ አጠለቀው።

“የዛሬው” የተባለው ነገር እንዲህ ነው። የቤተክርስቲያናቸው መዘምራን አልበም ሊያወጡ ነው። ሙዚቃውን የሚያቀናብረው ሙሌ የሚባል ልጅ ከሰዓት ከሐዋሳ ዲላ መጥቶ፣ ከዘነበ ተማሪዎች መካከል አልበሙ ላይ ሊድ ጊታር የሚጫወተውን ይመርጣል። ከእነሱ አንዱ ከተመረጠ ዘነበ እስከ ዛሬ በነጻ ሲሠራው የኖረውን ሥራ በደሞዝ ሊሠራው ነው፤ ቋሚ አሠልጣኝ ተብሎ ይቀጠራል። ማንም ካልተመረጠ ግን ቀረ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱ ከፈለኝ ነው፣ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ። ቡሌ ክፉ አገር ሆኖ አይደለም፤ ተወልደው ያደጉበት ነው። ግን በአርባ ስድስት ዓመት፣ ሚስት ሳይኖር፣ ልጅ ሳይኖር፣ አንድ ጊታር ተሸክሞ “ምን ሆነህ መጣህ?” ወደሚል ጎረቤት መመለስ ሞት ነው። ዘነበ እንደዚያ ነበር የሚያስበው።

ቁርስ ላይ እንቁላል ቀረበ። አንዱ እንቁላል ሃያ ብር በገባበት ዘመን የሺሃረግ ለዘነበ ሁለት እንቁላል ከጠበሰች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። “ብላ እንጂ ዘኔ፣ ምን ያፈዝሃል” እያለች ዳቦ ስታስጠጋለት ፊቷን እንኳ ቀና አላደረገችም፤ የቡሌን ነገር ግን ማንም አላነሳም። ከፈለኝ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፤ ጸሎቱ ረጅም ነው፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። “ጌታ ሆይ፣ በወንድሜ እጅ ላይ ያኖርከውን ጸጋ ዛሬ ግለጥ” ሲል ሁሉም አሜን አሉ። ዘነበ አሜን ያለው ግራ እጁን ጠረጴዛው ሥር ይዞ ነው። የዚያች እጅ ትንሿ ጣት ወደ መዳፉ ተቆልምማ የቀረች ናት፤ አትዘረጋም። አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ እንዲህ ያደረጋት ይኸው አሁን የሚጸልየው ሰው ነው። ከፈለኝ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ጌታን ከተቀበለ ሦስት ወሩ፣ ስለ ሰይጣን እንጂ ስለ ሌላ ነገር የማያወራ ጎረምሳ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሆቴል ቤት ለዘፋኞች ጊታር እንደሚመታ ሰማና፣ “ሰይጣን የገባብህ በዚህ እጅ ነው” ብሎ ያቺን እጅ የበሩ ደፍ ላይ አስተኝቶ በቡና ዘነዘና መታት። አንዴ ብቻ ነው የመታት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያች ጣት በሁለቱ መካከል አንድ ቃል ተነስቶ አያውቅም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት። ዘነበ ዝምታውን ለራሱ ተርጉሞታል፤ ወንድሜ ያውቃል፣ ያፍራል፣ የማይናገረው ቃል ቢያጣ ነው፣ የሚያኖረኝም ስለዚያ ነው ይላል። ክፍሉንም፣ የሻዩን ስኳርም፣ የየሺሃረግን ግልምጫም የሚቀበለው በዚህ ሒሳብ ነበር።

እጅ ሲጎድል ብልሃት ይመጣል። ዘነበ በቀሩት ሦስት ጣቶች ሊድ ጊታር ተማረ፤ ጎበዝም ሆነ፣ ይህ አይካድም። መድረክ ላይ እጁን ከጊታሩ አንገት ሥር ሸጉጦ ስለሚይዝ ትንሿ ጣት ሆን ተብላ የታጠፈች እንጂ የተሰበረች አትመስልም። ታዲያ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ተማሪ “ትንሿን ጣት ለምን አትጠቀምባትም?” ብሎ ሲጠይቀው ሐፍረት ያዘውና፣ “እሷ ታርፋለች። አምልኮ በሦስት ጣት ነው፤ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ” አለ። አፉ ላይ የመጣለት ነው እንጂ አስቦበት እንኳ አይደለም። ምን ዋጋ አለው፣ በሳምንቱ መጋቢው ስብከታቸው ላይ ጠቀሱት! ጉባኤው እልል አለ። ከዚያ ወዲያ ከዲላ እስከ ወናጎ፣ እስከ ዱመርሶ ድረስ በእሱ እጅ ያለፈ ጊታሪስት ሁሉ ትንሿን ጣቱን መዳፉ ውስጥ ቀብሮ ነው የሚጫወተው። ጤነኛ ጣት እኮ ነው! አንዳንዱማ አራቱንም ጣት የሚጠቀም ሰው ሲያይ “ይሄ የዓለም ነው” ብሎ ፊቱን ያዞራል።

ረፋዱ ላይ ጊታሩን አንግቶ ወጣ። መንገድ ላይ ነስሩ ሱቅ ጎራ ብሎ አንድ የጊታር ክር ገዛ፤ ቀጭኗ ክር ብቻዋን መቶ ሃምሳ ብር ገብታለች። “ባለፈው መቶ ነበር የሸጥክልኝ” ቢለው ነስሩ ሳቀበት። “ጋሽ ዘኔ፣ ባለፈው እኮ እኔም ጸጉር ነበረኝ።” ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘነበም ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ብሩን ቆጥሮ ሰጥቶት ወጣ። ባጃጆች አስፋልቱ ዳር ተደርድረው “ወናጎ! ወናጎ! አንድ ሰው!” ከሚሉ የሚኒባስ ረዳቶች ጋር ይጯጯሃሉ፤ ሰማዩ ከወዲሁ ጠቁሯል።

ባርኮት ቀድሞት አዳራሹ በር ላይ ቆሟል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በጊታር ከዘነበ ተማሪዎች ሁሉ ይበልጣል፣ ዘነበ ደሞዙንም ቤቱንም ተስፋ ያደረገው በእሱ ላይ ነው። ከወናጎ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቷል፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ እንደመጣ ራሱ ነገረው። “ጋሽ ዘኔ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም” አለ። “ዛሬ ስምህን ባላስጠራ ባርኮት አትበለኝ።” ዘነበ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ፊቱን ወደ በሩ ቁልፍ አዞረ። ይህን ልጅ ዓይኑን እያየ ማናገር የማይችልበት ምክንያት አለው።

ምክንያቱ ይኸውና። ባርኮት አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ ጊታር በጨበጠ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማንም ሳያስተምረው ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ ዘነበ በዕድሜው ሙሉ ደርሶባት የማያውቃትን ድምፅ ነካት። ጥርት ብላ ወጣች። ልጁ ራሱ ደንግጦ ሳቀ። ዘነበ አልሳቀም። ቀና፤ ሌላ ስም የለውም፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው በአሥራ አንድ ዓመት ሕፃን ቀና። ከዚያ በማግስቱ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ስስ ላስቲክ ቆርጦ የልጁን ትንሽ ጣት ወደ መዳፉ አጥፎ አሰራት። “ልማድ ይሆንብሃል፣ ይሄ የዓለም አያያዝ ነው” አለው። ልጁ አመነ፤ ሕፃን ምን ያድርግ። አንድ ዓመት ሙሉ ላስቲኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ እየመጣ ራሱ ለማሳሰር እጁን ይዘረጋ ነበር። ቤቱ ሲለማመድም በጥርሱ እየጎተተ ያስረዋል አሉ። ጣቲቱ አንዳንድ ቀን ጠቁራ ትታይ ነበር፤ ዘነበ ያይና ዝም ይላል። እንዲያውም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ደስ ይለው ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ላስቲኩ አላስፈለገም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሙሌ ከከፈለኝ ጋር ገባ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ቢሆነው ነው። ጫማውን በሩ ላይ ጠርጎ፣ ዘነበን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ “ስምዎን ሐዋሳ ድረስ እንሰማለን” አለው። ከፈለኝ ኮቱን አስተካክሎ ፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ይበርዳል፤ የላስቲክ ወንበሮቹ ግድግዳው ጋ ተነባብረዋል፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ መንጠባጠብ ጀምሯል። ከዘነበ ተማሪዎች መጀመሪያ ነብዩ ተጫወተ። ቀጥላ ሳሮን ተጫወተች። ከዚያ ባርኮት። ባርኮት ሲጨርስ ከፈለኝ “አሜን!” አለ ሳያስበው። ሙሌ ግን ጣቶቹን ነበር የሚያየው። ሦስቱንም ልጆች አንድ በአንድ አየና በመጨረሻ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

“ይቅርታ፣ ይቅርታ… ግን ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁም? አንድ መኪና ውስጥ ነው እንዴ የተገለበጣችሁት?”

ማንም አልሳቀም። ሳሮን ቆጣ ብላ “በሦስት ጣት ነው የምናገለግለው” አለች። ነብዩ ስለ ሥላሴ ሊያስረዳው ሞከረ። ሙሌ እስኪጨርስ ድረስ በትዕግስት ሰማውና፣ “ወንድሜ፣ እንደዚያ ከሆነ ኪቦርድ የሚጫወተው በአሥር ጣቱ ማንን ሊያመልክ ነው?” አለ። ከዚያ የባርኮትን ጊታር ተቀብሎ ለአልበሙ የጻፈውን ሶሎ ተጫወተው። ረጅም አይደለም፤ ግን መሃሉ ላይ ትንሿ ጣት ወጥታ፣ ተዘርግታ፣ ላይ ያለችውን ድምፅ ይዛ መቆየት አለባት፤ ሌሎቹ ጣቶች ከሥሯ እየሮጡ። የሙሌ ትንሽ ጣት እንደ ቀልድ ወጣችና አረፈች። “ይሄንን ብቻ ነው የምፈልገው” አለ። “ሌላውን ሁሉ ትችላለህ። እውነቴን ነው፣ እንዳንተ ዓይነት እጅ አላየሁም።”

ባርኮት ጊታሩን ተቀበለ። መጀመሪያ በሦስት ጣት ሞከረው፤ ዘግይቶ ደረሰ፣ ድምፁ ተቆረጠ። ሁለተኛ ሞከረ፣ ያው። “ትንሿን አውጣት” አለው ሙሌ። ባርኮት ትንሿን ጣቱን ከመዳፉ አወጣት። ወጣች፤ ግን አየር ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፣ ክሩን ስትነካው ትታጠፋለች፣ ድምፅ የላትም። ልጁ ግንባሩን አላበው። ስድስት ጊዜ ሰባት ጊዜ ሞከረ፤ በየመሃሉ ወደ ዘነበ ቀና ይላል። ዘነበ መሬት መሬት ያያል።

“ተጎድታብሃል እንዴ?” አለ ሙሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“አልተጎዳችም” አለ ባርኮት። “ታስራ ነው ያደገችው። ትንሽ ሆኜ ጋሽ ዘኔ በላስቲክ ያስራት ነበር።” ይህን የተናገረው በክስ አይደለም፤ በኩራት ነው። ለአገልግሎት የከፈለውን ዋጋ እየተናገረ መስሎት ነው። ሙሌ ጊታሩን ቀስ ብሎ ወንበር ላይ አስቀመጠና ወደ ዘነበ ዞረ።

“ጋሽ ዘነበ፣ እስኪ እርስዎ ይጫወቱት።”

እንቢ ማለት ይቻል ነበር። አመመኝ ይባላል፣ ክር ተበጠሰ ይባላል። ዘነበ ግን ደክሞት ይሁን ወይም ልጁ እንደዚያ ሲያየው አላስችል ብሎት፣ ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። አራት ጣት ተዘረጋ። አምስተኛዋ መዳፉ ላይ ተኝታ ቀረች። ሙሌ በሁለት ጣቱ ይዞ ሊያቃናት ሲሞክር ዘነበ “እእ!” አለ፤ ሙሌም ደንግጦ ለቀቃት። ልጆቹ ሁሉ አዩ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ በረታ። ይሄኔ ከፈለኝ ከአግዳሚው ተነሳ።

ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዘነበ ቀና ብሎ አየው። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀው ሰዓት ይኸው መጣ፤ ሊናገረው ነው፣ በሰው ፊት፣ በእግዚአብሔር ቤት ሊናገረው ነው። ልናገር ካለ ቡሌም ይሁን፣ ደሞዙም ይቅር፣ ምንም ይምጣ ብሎ አሰበ።

“ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ነው” አለ ከፈለኝ። “ወንድሜ ብዙ ያለፈበት ሰው ነው። ልንፈርድበት አይገባም።”

ሁሉም ዘነበን አዩት። ዘነበ ወንድሙን አየው። በልጆቹና በእንግዳው ፊት መዋረድ ፈርቶ ነው የዋሸው ብሎ ገመተ፤ እንግዲህ እኔም ላድነው፣ ውለታዬን አይረሳም፣ ክፍሉን አይነሳኝም ብሎ አሰላ። “አዎ” አለ። “ከዛፍ ነው።”

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሙሌ ማንንም አላስቀየመም፤ አስተዋይ ልጅ ነው። ባርኮትን “ዓመት ብትለፋበት ትስተካከልልሃለች፣ እኔ ራሴ እረዳሃለሁ” አለው። ቀረጻው ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጊታሪስት ከሐዋሳ ይዞ ይመጣል። ስለ ቋሚ አሠልጣኝ ሲነሳ ደግሞ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አድርጎ “እሱን ኮሚቴው ቢያስብበት ይሻላል” አለ። ነብዩና ሳሮን ሳይሰናበቱ ወጡ። ባርኮት ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ሲያስገባ ብዙ ቆየ፤ ዚፑ እየያዘው አስቸገረው። ሲጨርስ ዘነበ ፊት መጥቶ ቆመ።

“ጋሽ ዘኔ፣ አንተስ የወደቅከው ከዛፍ ነው። እኔን ለምን አሰርከኝ?”

ዘነበ የጊታሩን ማንገቻ ይፈታ ያስር ጀመር። ባርኮት ትንሽ ጠበቀ። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ሊሰናበት ጀመረና መሃል ላይ ተወው። በዝናቡ ውስጥ ወደ መኪና ተራው ሲሄድ ጭቃውን አልዘለለም፤ እየረገጠው ነው የሄደው።

ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ጃንጥላ ወደ ቤት አዘገሙ። ባጃጅ ቆሞ “ግቡ አባቶቼ” ቢላቸው ከፈለኝ “በእግራችን ነን” ብሎ መለሰው። ዘነበ ምስጋናውን እየጠበቀ ነው። አንድ ቃል፣ እጅ እንኳ ጨበጥ ማድረግ ይበቃው ነበር። ገበያው ጋ ሲደርሱ መታገስ አቃተውና ራሱ ጀመረ።

“ዛፉ እንዴት መጣልህ ጋሼ?”

“የቱ ዛፍ?”

“የወደቅኩበት።”

“ዝግባው ነዋ” አለ ከፈለኝ። “ቡሌ፣ ከቤታችን ኋላ ያለው። የወፍ ጎጆ ልታወርድ ወጥተህ። ረሳኸው እንዴ? እኔ ነኝ እኮ በጀርባዬ ተሸክሜ ወጌሻው ቤት ያደረስኩህ። ዳገቱን! ጫማ አልነበረኝም፣ እግሬ ደምቶ ነበር። አንተ ታለቅሳለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ።”

መሸከሙ እውነት ነው። እግሩ መድማቱም እውነት ነው፤ ዘነበ በጀርባው ላይ ሆኖ ደሙን አይቶታል። ቆም አለ፤ ጃንጥላው ትቶት አለፈና ዝናቡ ራሱ ላይ ወረደ።

“ዘነዘናውስ?” አለ።

ከፈለኝ ተመልሶ ጃንጥላውን ከላዩ ያዘለት። “የቱ ዘነዘና?”

ዘነበ የወንድሙን ፊት አየው። ሐፍረት ፈለገበት፣ ፍርሃት ፈለገበት፣ ቢያንስ ውሸት ፈለገበት። ምንም የለም። ያ ፊት ከልቡ ግራ ገብቶታል፤ ዝናብ ላይ ቆሞ ስለ ዘነዘና የሚጠይቅ ሰው እያየ፣ ምነው አመመው ብሎ የሚጨነቅ የታላቅ ወንድም ፊት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመካከላቸው የተቀመጠው ዝምታ የዘነበ ብቻ ነበር። ወንድሙ ዝም ያለው ደብቆ አይደለም፤ የሚናገረው ነገር ስላልነበረው ነው።

“ምንም” አለ ዘነበ። “ተወው።”

ሄዱ። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው ኮረኮንች ላይ ከፈለኝ በረጅሙ ተነፈሰ። “እኔን የከነከነኝ የልጁ ነገር ነው” አለ። “ያንተስ አደጋ ነው፤ ማንም አላደረገብህም። ግን ጤነኛ ጣት፣ የሰው ልጅ ጣት፣ እያወቅክ… እንዴት አስቻለህ ዘነበ? በሕፃን እጅ ላይ እንዴት ይጨከናል?” እያለቀሰ ነው፤ የእውነት ነው የሚያለቅሰው።

“አላውቅም ጋሼ።”

“ነገ ወናጎ ሂድ። በስልክ አይሆንም፣ ሰው በመላክም አይሆንም። ሰው የበደለውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ይሄን ሳታደርግ ጸሎትህም አይሰማም።” ቤቱ ደረሱ። ከፈለኝ እንባውን በመሃረቡ ጠረገ። “ሰኞ ደግሞ ቡሌ ትሄዳለህ፤ ለአክስታችን አስቀድሜ ደውዬላታለሁ።” ጃንጥላውን አጥፎ ውሃውን አራገፈና የግቢውን በር አንኳኳ።